ወፉ ነው የከፋ ወይስ ቤቱ ነው የጠበበ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የባለቤቴ ወንድም ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ለልጄ ኮካቲየል የሚባል የበቀቀን ዘር፣ አንድ ወንድ ወፍ አመጣላት። ኬጁ ክብ ነው፤ ወርዱ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው፣ ወደ ላይ ሾጠጥ ያለ። እኔና ባለቤቴ ሥራ ውለን ነው የምንገባው፤ ልጄም ትምህርት ቤት ናት። ወፉ አንዲት እንጨት ላይ ከዳር ዳር ሲመላለስና ሽቦውን ሲነክስ ይውላል። ማታ ስንገባ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። ልጄ ውኃ ልትቀይርለት እጇን ስታስገባ ይነክሳታል፤ ሲወጣ ግን ትከሻዋ ላይ ተቀምጦ ያፏጫል። ሌሊት አንዳንዴ በድንገት ይንፈራገጣል፤ በቀደም ጠዋት ደም የነካው ላባ ወለሉ ላይ አገኘሁ። ጅራቱም ተበጣጥሷል። ባለቤቴ ‹ሰፊ ቤት ከሠራንለት ጭራሽ ይበረግጋል› ይላል። አማቴ ‹ነፍስ ነው፣ ግፍ ነው፣ ጫካ ልቀቁት› ይላሉ። ልጄ ደግሞ ጓደኛ ይገዛለት ባይ ናት። ማንን ልስማ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ለእውነቱ የቀረቡት አማትሽ ናቸው። መፍትሔያቸው ግን ወፉን ይገድለዋል። ስለዚህ ከእሳቸው ልጀምር።

ኮካቲየል የአውስትራሊያ ወፍ ነው። የሚኖረው በዚያች አገር ደረቅና ገላጣ መሐል ምድር ነው። በመንጋ ይንቀሳቀሳል፤ ውኃና የሣር ፍሬ ያለበትን እየተከተለ ሩቅ ይበራል። ይህ ወፍ ግን በሰው እጅ የተፈለፈለ ነው። እህል ከጣሳ እንጂ ከሜዳ ለቅሞ አያውቅም፤ ጭልፊት ምን እንደሆነም አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የክረምቱን ሌሊት አንቺው ታውቂዋለሽ። ቢለቀቅ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም። «እማማ፣ ያዘኑለት በእውነት ነው፤ ጫካውን ትተን ቤቱን እናስፋለት» በያቸው። ይህን የሚቃወሙ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። አንድ ኮካቲየል ከአናቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ትንሽ ሊበልጥም ይችላል። ግማሽ ያህሉ ጅራት ነው። ክብደቱ ከ80 እስከ 100 ግራም ቢሆን ነው፤ ለዚህ ነው ሰው «ትንሽ ወፍ» ብሎ ትንሽ ቤት የሚገዛለት። የእናንተ ኬጅ ወርዱ ስንዝር ተኩል ከሆነ የቤቱ ወርድና የወፉ ርዝመት እኩል ናቸው ማለት ነው። በዞረ ቁጥር ጅራቱ ሽቦ ይነካል። ቀን በቀን ሲፈተግ ላባው ይሰነጠቃል፣ ይበጣጠሳል። ስለዚህ የጅራቱ ነገር ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልገውም። ክንፉንም ሁለቱንም ዘርግቶ ማራገብ አይችልም።

ከዳር ዳር መመላለሱም ከዚሁ ይመጣል። በአጭር ገመድ ችካል ላይ የታሰረ ጥጃ አይተሻል አይደል? በተፈቀደለት ክብ ውስጥ ያለውን ሣር ከጨረሰ በኋላም ያንኑ ክብ ይረግጣል። ለመብረር የተሠራ አካል መብረር ሲከለከል ጉልበቱን የሆነ ቦታ ማውጣት አለበት። ወፉ በቀረችው አንዲት እንጨት ላይ ያወጣታል፤ ሽቦውንም የሚነክሰው ሌላ የሚነክሰው ስለሌለው ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገርሽ። ይህ ዓይነቱ ድግግሞሽ ሲቆይ ልማድ ይሆናል። ሰፊ ቤት በገባ ማግስት ይተወዋል ብለሽ አትጠብቂ። ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት ይፈጃል። አንዳንድ ወፍ ላይ ደግሞ ቅሪቱ ሳይጠፋ ይኖራል። ቶሎ መጀመሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ንክሻው ግማሽ በግማሽ ነው። ኮካቲየል ኬጁን የራሴ ነው ይላል፤ ቤተ መንግሥት ብትሠሪለትም እዚያ ውስጥ የሚገባ እጅ ሁልጊዜ ደስ ላይለው ይችላል። ጠባብ ቤት ንክሻውን የሚያባብሰው መሸሺያ ስለሚያሳጣው ነው። እጅ ሲመጣ ወደ ኋላ የሚልበት ቦታ ካጣ የሚቀረው ምንቃሩ ነው። ሰፊ ቤት ውስጥ ያለ ወፍ ሌላው ጥግ ሄዶ ይቆማል። ለልጅሽ ሁለት ነገር አስተምሪያት። አንደኛ፣ መጀመሪያ ወፉ ይውጣ፤ ውኃና እህሉ ከዚያ በኋላ ይቀየር። ሁለተኛ፣ አናቱ ላይ ያለችውን ጉትዬ ትመልከት። ጉትዬዋ ወደ ኋላ ተለጥፋ ወፉ እፍፍ ካለ «አትንኪኝ» ነው። ቀጥ ብላ ከተገተረች ደንግጧል። በመሐል ዘና ብላ ካለች ሰላም ነው። ልጆች ይህን ከእኛ ቶሎ ይይዙታል።

የማታው ጩኸት ግን የኬጁ ጥፋት አይደለም። ኮካቲየል የመንጋ ወፍ ነው አልኩሽ። ጠዋትና ማታ መጯጯህ «አላችሁ ወይ? እኔ አለሁ» መባባል ነው። ቀኑን ብቻውን ውሎ እናንተ ስትገቡ ቢጮኽ ምን ይገርማል? ሰፊ ቤት ይህን አያጠፋውም፤ የሚያስተካክለው መልስ ነው። ገና በሩን ስትከፍቺ በፉጨት ሰላም በይው። ሲያፏጭ መልሺለት፣ ቅረቢው። በጩኸት ሲበጥስሽ አትሩጪለት፣ አትቆጪውም፤ ቁጣም ለእሱ መልስ ነው። ጩኸት ሰው እንደሚያመጣለት አንዴ ከተማረ ያስቸግራችኋል።

የሌሊቱስ? ኮካቲየሎች በዚህ ይታወቃሉ። ጨለማ ውስጥ በሆነ ድምፅ ወይም በመኪና መብራት ይደነግጡና ያለ አቅጣጫ ይንፈራገጣሉ። አይጥ ኮርኒስ ላይ ስትሮጥ፣ ድመት መስኮት ላይ ስትዘል፣ መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉ ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱን ኬጁ አላመጣውም። ደሙን ያመጣው ግን ኬጁ ሳይሆን አይቀርም። አንዴ ክንፉን ሲያራግብ ሽቦ የሚመታ ወፍ ገና በማደግ ላይ ያለ ላባ ቢሰበርበት ይደማል፤ እንዲህ ያለው ላባ ውስጡ ደም አለበትና። ትንሽ የሶላር መብራት ወይም ደብዛዛ አምፖል ክፍሉ ውስጥ አሳድሪለት። ኬጁን በሦስት በኩል በስስ ጨርቅ ሸፍኚና ፊቱን ክፍት ተዪው። በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ መተኛት አለበት። ድጋሚ ከደማ በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብለሽ ያዢው፤ ካልቆመ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

እንግዲህ ቤቱ ስንት ይሁን? ለአንድ ኮካቲየል እንደ ዝቅተኛ የሚጠቀሰው ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ግን ይህን ልክ የምቀበለው ወፉ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ውጭ የሚያሳልፍ ከሆነ ብቻ ነው። እናንተ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ተዘግቶበት ነው የሚውለው። ስለዚህ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ይሁንለት። ቁመት ከምትጨምሪለት ርዝመት ጨምሪለት። ወፍ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ አይነሳም፤ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ገበያ ላይ የሚታዩት ረጃጅም ቀጫጭን ኬጆች ለዓይን ያምራሉ እንጂ ለወፉ ከግማሽ በላዩ ባዶ አየር ነው። ክቡም አይሆንም፤ የሚጠጋበት ጥግ የለውም፣ ሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ሲጠባበቡም ጥፍር ይይዛሉ።

ከአዲስ አበባ ማስመጣት አያስፈልግም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ መስኮትና በር የሚሠራ ብረት ብየዳ ቤት ሁሉ ይህን ይሠራል። ልኩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪው፤ «የወፍ ቤት ነው» ብቻ ካልሽው የዶሮ ይሠራልሻል። በሽቦና በሽቦ መካከል ያለው ክፍተት ከ1.2 እስከ 1.6 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ከሰፋ ጭንቅላቱን ያስገባና ይያዛል። ቢያንስ በሁለት ጎን ሽቦዎቹ የተጋደሙ ይሁኑ፤ በምንቃሩና በእግሩ እየያዘ መውጣት ይወዳል። በሩ እጅሽ ወፉን እንደያዘ የሚያልፍበት ይሁን። የውኃና የእህል ጣሳዎቹ ከውጭ የሚቀየሩበት ትናንሽ በሮች ካስወጣሽላቸው የልጅሽ ጣት ከንክሻ ዳነ ማለት ነው። መቀርቀሪያውን ጠንካራ አድርጊው፤ እነዚህ ወፎች ልል መቀርቀሪያ መክፈት ይማራሉ። የብየዳው ሹል ጫፍ ሁሉ በሞረድ ይነሳ። ከታች ተስቦ የሚወጣ ላሜራ ይኑረው፣ ጋዜጣ ይነጠፍበታል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ሽቦውን ነው፤ የእናንተ ወፍ ሽቦ ነካሽ ነውና። የተለመደው የዶሮ ሽቦ ዚንክ የተቀባ ነው። ወፉ እየነከሰ ዚንኩን ከዋጠው ይመርዘዋል። ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለምም እንዲሁ። ስቴይንለስ ከተገኘና ዋጋውን ከቻላችሁት ከእሱ የሚሻል የለም። ካልሆነ በብየዳ የተያያዘ ሽቦ ውሰዱና በአቼቶና በብሩሽ በደንብ ፈትጉት፣ በውኃ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ይህ የላላውን ዚንክ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ለዚህም ሲባል የሚነክሰው ሌላ ነገር ሳይጠፋ ይኑረው። በያጁ «ላሳምርልህ» ብሎ ቀለም ቢያነሳ ከውስጥ በኩል እንዳይቀባ ከልክዪው።

ቆጡን ከገበያ አትግዢ። ጎጃም ውስጥ እየኖርሽ ለባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል! ባሕር ዛፍ ራሱ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ የወፉ ዘመዶች እዚያ ሲያርፉበት የሚውሉት ዛፍ ነው። መድኃኒት ያልተረጨበትን ምረጪ፣ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ልጡን ግን አትላጪው። ውፍረቱ አንዱ እንደ ትንሿ ጣት፣ ሌላው እንደ አውራ ጣት ይሁን። እግሩ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ነገር ከጨበጠ ይቆስላል። አንዱን ቆጥ በዚህ ጫፍ፣ ሌላውን በዚያ ጫፍ አድርጊና መሐሉን ክፍት ተዪለት። ሰው ሰፊ ኬጅ ይሠራና ደወል፣ መስታወት፣ መሰላል፣ ዥዋዥዌ ይሞላበታል። ያኔ አንድ ሜትሩ ተመልሶ ስንዝር ተኩል ሆነ። ቆጥ ከእህልና ከውኃ ጣሳ በላይም አይደረግም፤ ምክንያቱን በሁለተኛው ቀን ታይዋለሽ።

ሰፊ ግን ባዶ የሆነ ቤትም አይበቃውም። የሚሠራው ነገር ስጪው። ቆረቆንዳ፣ ቀለም የሌለው ካርቶን፣ ያልተነከረ አክርማ፣ ለስላሳ እንጨት፤ ይነክሳል፣ ይበጣጥሳል፣ ያቆሽሻል፣ ደስ ይለዋል። ልል ክር ብቻ አታስገቢ፤ ጣቱን ይጠመጥምበታል። የማሽላ ራስ እንዳለ ብትሰቅዪለት ፍሬውን ለመልቀም ሰዓት ይፈጅበታል። ዳጉሳም ደህና ነው። በኑግና በሱፍ ግን እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ። ኑግ የእኛው አገር ሰብል ሆኖ ውጭ አገር የወፍ መኖ ተብሎ ይሸጣል፤ ወፎች ይሞቱለታል። ሆኖም ዘይቱ ብዙ ነው። የማይበር ወፍ ዘይት ሲበላ ይሰባል፣ ጉበቱም ይጎዳል። ጎመንና ካሮት ጨምሪለት። አቮካዶ ግን በጭራሽ! ለወፍ መርዝ ነው።

ትልቅ ኬጅ እንደ ትንሹ እያነሱ አያዞሩትምና ቦታውን አስቀድመሽ ወስኚ። ቤተሰብ ያለበት ክፍል ይሁን፣ አንድ ጎኑ ግድግዳ ይጠጋ፣ ከፍታው የዓይን ልክ ይሁን፣ ከመስኮት የሚገባ ብርድ አያግኘው። እዚህ ላይ ቡናው ይመጣል። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። የከሰልም የዕጣንም ጭስ ይጎዳዋል። ቡናውን በረንዳ ላይ ማፍላት ካልተቻለ ወፉ ሌላ ክፍል ይቆይ፤ ለዚያን ጊዜ አሮጌዋ ኬጅ ትጠቅማለችና አትጣያት። የማያሲዝ መጥበሻም ካለሽ ባዶውን እሳት ላይ አትርሺው። ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል።

ባለቤትሽ የሚሉት ውስጥም እውነት አለ። በአዲሱ ቤት የመጀመሪያ ቀናት ወፉ ሊበረግግ ይችላል። ምክንያቱ ግን ስፋቱ አይደለም፣ አዲስነቱ ነው። ደግሞ አንድ ሜትር ውስጥ ያለን ወፍ እንደ ድሮው በእጅ ማፈስ አይቻልም። ለማዳ የሚያደርገው መያዝ መቻሉ ሳይሆን በየቀኑ ከሰው ጋር መዋሉ ነው። ስለዚህ ቤቱ እስኪሠራ ጣታችሁ ላይ ውጣ ሲባል መውጣትን አለማምዱት፤ አንድ ፍሬ ሱፍ ለዚህ ሽልማት ትበቃለች። አዲሱን ኬጅ ለጥቂት ቀን ከአሮጌው ጎን አቁሙት። ከዚያ የለመዳትን እንጨትና ጣሳውን ወደ አዲሱ አዛውሩ፣ በሩን ከበሩ ግጠሙና ራሱ ይሂድ። ጠዋት ይሁን፣ ማታ አይደለም። ይዛችሁ አትክተቱት።

ኬጁ ሰፋ ማለት ደግሞ ከዚያ አይወጣም ማለት አይደለም። ማታ ስትገቡ ሁለት ሰዓት ያህል ይውጣ። መጋረጃ ይዘጋ፣ መስታወት ላይ እንዳይላተም። ድስት ይከደን፣ ድመት ይውጣ። ፋኖሱ ወይም ሶላሩ አስቀድሞ ይብራ። እየበረረ ሳለ መብራት ከጠፋ ግድግዳ ነው የሚያገኘው።

የልጅሽን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚያሳዝነኝ ነው። ጓደኛ የጠባብ ቤት መድኃኒት አይሆንም፤ ችግሩን ሁለት ወፍ ላይ ያደርገዋል። መጀመሪያ ቤቱ ይስፋ፣ ወፉ ይረጋጋ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ኮካቲየል ይምጣ ካላችሁ ቤቱ ከነገርኩሽ ልክ ቢበልጥ ይመረጣል። ለሁለተኛዋም በመጀመሪያ የራሷ ማደሪያ ያስፈልጋታል፤ ቀስ እያሉ ነው የሚላመዱት። ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ እንቁላል እንደሚመጣ ዕወቂ። ከደናችን አረንጓዴዋን ምንቃረ ቀይ ትንሽ በቀቀን አስይዤ ላምጣለት የሚል ዘመድ ከተነሳ ግን እምቢ በይ። እሷ የጫካ ናት፤ ከውጭም በሽታ ልታመጣ ትችላለች።

ሁሉንም ነገር በቤቱ ላይ እንዳናሳብብ አንድ ነገር ልጨምር። ወፉ ላባውን ነፍቶ ኬጁ ወለል ላይ ከተቀመጠ፣ ሲተነፍስ ጅራቱ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ኩሱ ከተለወጠ ወይም የደረቱ አጥንት ከሾለ ይህ የጥበት ጉዳይ አይደለም። ወፍ በሽታውን እስከ መጨረሻው ይደብቃል፤ ያን ቀን ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ደህና ከተያዘ 15 እና 20 ዓመት ይኖራል። ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ኬጁን የምታጥቢው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽና ላሜራው በቀላሉ የሚሳብ መሆኑን በያጁ ፊት ሞክረሽ ተቀበዪው።